እትዬ መድኅን ባሕር ላይ ሳሉ

እትዬ መድኅን ያረፉ ዕለት ያለቀሰ ብዙ ነበር፤ የሚያስለቅስ ግን አልነበረም። ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ ትጀምርና ስንኙ መሐል ላይ ይሰበርባታል፤ ሌላዋ ልትቀበላት ትልና ትተወዋለች። በሰቆጣና በዙሪያዋ ከአርባ ዓመት በላይ የሰውን ሁሉ ሙሾ ያወጡ ሴት በዚህ በተቆራረጠ ድምፅ ተሸኙ። ከቀብር ስንመለስ አንዲት የሠፈራችን ሴት፣ "እሳቸው ቢሰሙት ኖሮ ተነሥተው ይሄዱ ነበር" አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጎረቤታቸው ነበርኩ። የቤታችንን ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው፤ እሱም ግማሹ ፈርሷል። እኔ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ራሴ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ስለ እሳቸው ግን ሳልናገረው የቆየሁት ነገር አለ።

ረዥምና ቀጭን ነበሩ። ሙሾ ሊያወጡ ሲሉ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ያስሩና ግራ መዳፋቸውን ጆሮአቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። በኽምጣንጋ ይጀምራሉ፣ በአማርኛ ይጨርሳሉ። "ሐዘኑ በእናቴ ቋንቋ ይመጣል፤ ቤት የሚመታው ግን በአማርኛ ነው" ይሉ ነበር።

ሌላ አልቃሽ የሞተውን ሁሉ ጀግናና ቸር ታደርገዋለች። እትዬ መድኅን እንዲህ አያደርጉም። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ከማልቀሳቸው በፊት ከቤቱ ሴቶች አንዷን ጥግ ይዘው ይጠይቃሉ። ምን መብላት ይወድ ነበር? ማንን አስቀይሞ ነበር? መጨረሻ ላይ ምን አለ? መልሱን ሰምተው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ የሙሾው ግጥም ከዚያ ይወጣል። አንድ ጊዜ ባለ ወፍጮ ሰው ሞተ፤ ቆንቋና ነበር፣ በሕይወቱ አዲስ ልብስ አልገዛም ይባላል። እትዬ መድኅን ጆሮአቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፦

ዱቄት ለብሶ ኖረ፣ ነጭ ሸማ ሳያምረው፤
ዛሬ ሰው አለበሰው፣ ዝም ብሎ ቢያገኘው።

የሰውየው ሚስት እያለቀሰች ሳቀች። በኋላ "ባሌን ያወቀው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው" አለችኝ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ሰው ሞቶ ጠሯቸው። ሄዱ፤ ጥግ ይዘው ጠየቁ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ሳያስሩ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። "ዛሬ ጉሮሮዬ ታሟል" አሉ። በማግስቱ ግቢያቸው ውስጥ ጮክ ብለው ሲዘፍኑ ሰማሁና በካቡ ላይ ብቅ ብዬ፣ "ጉሮሮዎ ዳነ?" አልኳቸው።

"ለሕያዋን ደህና ነው" አሉ።

ለእትዬ መድኅን ከልጃቸው ከስንዱ ሌላ አንድ ሰው ነበራቸው፤ ታላቅ ወንድማቸው አያ ገብሬ። እናትና አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና በሕፃንነት ሳሉ ነው። ያሳደጓቸው አያ ገብሬ ናቸው፤ እኅታቸውን ሳይድሩ አላገባም ብለው ጎልማሳ እስኪሆኑ ቆይተዋል። ከሰቆጣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ወጣ ብላ ባለች መንደር ንብ ያነቡ ነበር። ጨዋታ ወዳድ፣ ደጃቸው ከሰው የማይለይ፣ መንገደኛ ሲያልፍ ከሩቅ ጠርተው ማር የሚያቀምሱ ሰው ነበሩ። እኅታቸውን ባዩ ቁጥር አንድ ቀልድ አላቸው፦ "መድኅን፣ ሌላ አልቃሽ እንዳታመጪብኝ። ያንቺን ድምፅ ሳልሰማ ጉድጓድ አልገባም።" እሳቸውም "ግጥምህን ጨርሼዋለሁ፤ የምጠብቀው አንተን ነው" ይሏቸዋል። ሁለቱም ይስቃሉ። ግን ቀልድ ብቻ እንዳልነበረ እኔም አውቅ ነበር። የሁሉን ሞት ያደመቁ ሴት ለእኚህ ሰው ያስቀመጡት ነገር ነበር።

የመርከቡ ነገር የመጣው በስንዱ ነው። ስንዱ በልጅነቷ ዱባይ ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ፣ እዚያው የጎንደር ልጅ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ባልዋ የሚሠራው መንገደኞችን ለሽርሽር ብቻ ይዞ ከደሴት ደሴት በሚዞር ትልቅ መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ለሠራተኛ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ቦታ ይሰጣሉ። ስንዱ "እናቴ የልጅ ልጆቿን ይዛ ዓለምን ትይ" አለች። ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ ደህና በሆነበት፣ ስልኩም በተመለሰበት በዚያ ዓመት፣ ፓስፖርት ወጣ፣ ቲኬት መጣ።

ሠፈሩ ሳቀ። ውኃ ወረፋ ላይ የሚሰማው ይኸው ነበር።

"እትዬ መድኅን፣ መርከቡ ላይ ሰው ቢሞት በምን ቋንቋ ሊያለቅሱ ነው?"

"የሚሞተውን ንገሪኝና ቋንቋውን እነግርሻለሁ።"

"ዓሣ ቢሞትስ?"

"ዓሣ ምን ሙሾ ያሻዋል? እንባ ውስጥ አይደል የሚኖረው።"

እየሳቁ ይመልሱ እንጂ ልባቸው አልተነሣም። አያ ገብሬ ከአምና ጀምረው ያስላሉ፤ ከስተዋል። እትዬ መድኅን ቲኬቱን ይመልሱልኝ እስከ ማለት ደርሰው ነበር። የከለከሏቸው አያ ገብሬ ራሳቸው ናቸው። "ሂጂ። ዓመት ሙሉ እያሳልኩ ያልሞትኩ ሰውዬ ለሃያ ቀን ምን ያቻኩለኛል?" አሏቸው።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጡ።

"ዘነበች፣ ቁጭ በይ" አሉኝ፤ በገዛ ቤቴ። ተቀመጥኩ።

"ወንድሜ የከፋበት እንደሆነ ትነግሪኛለሽ።"

"እነግርዎታለሁ።"

"ከሞተም ትነግሪኛለሽ። በስልክ።"

በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። የራቀ ሰው እስኪመለስ ይደበቅና፣ ቤቱ ገብቶ ካደረ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቱ ሄደው፣ ከኋላ የሚደግፈው ሰው ቆሞ ይነገረዋል። መርዶ ይህ ነው። መንገድ ላይ ላለ ሰው ሞት መንገር ሰውን ገደል አፋፍ ላይ መግፋት ነው ብለን ያደግን ነን።

"መርዶ በስልክ?" አልኳቸው።

"አዎ፣ በስልክ። አርባ ዓመት ከመርዶ ነጋሪ ኋላ ቆሜ የሰው ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። ሰው ማን ሞተ ካለ በኋላ የሚጠይቀው ምን መሰለሽ? 'መቼ?' ነው። ቀኑን ሲነግሩት በጣቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ያን ቀን እኔ ምን እያደረግሁ ነበር ይላል። ሠርግ ላይ ነበርኩ፣ ገበያ ላይ ስስቅ ነበር ይላል። ሰውን የሚጥለው ያ ቆጠራ ነው። እኔን እንዳታስቆጥሪኝ።"

"ለምን ይህን አደራ ለእኔ ሰጡኝ? የነፍስ አባትዎ አባ ኪሮስ አሉ፣ የወንድምዎ ልጅ አለ።"

"እነሱ ይራሩልኛል። አንቺ ወሬ አታውቂም። ወሬ የማያውቅ ሰው ውሸትም አይሆንለትም።"

ቃል ገባሁላቸው። በታኅሣሥ፣ በጾሙ መካከል፣ በሶአቸውን በከረጢት ቋጥረው በወልድያ በኩል ሄዱ።

መጀመሪያ የደወሉት ከአንደኛው ደሴት ነው። መርከቡ ባሕር መሐል ሲሆን ስልክ አይሠራም፤ ወደብ ሲደርስ ብቻ ነው የሚገኙት። ምስላቸው ስልኬ ላይ መጣ። ከኋላቸው ዘንባባ ይወዛወዛል፤ ነጠላቸው በነፋሱ ተነሥቶ ፊታቸውን ይሸፍነዋል።

"ዘነበች፣ ይኼ መርከብ አይደለም። ዐሥራ አንድ ፎቅ ያለው ከተማ ነው፣ የሚሄድ ከተማ" አሉኝ። "ውኃው ላይ ተቀምጠው፣ እላዩ ላይ ሌላ ገንዳ ሠርተው እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ጥጋብ ነው ወይስ ጥማት? እኛ አንድ ጀሪካን ለመቅዳት ጎሕ ሲቀድ እንሰለፋለን።"

"ምግቡስ?"

"ምግብማ እንደ አሸዋ ነው። የጾም የሚባል አያውቁም እንጂ። አማቼ ወጥ ቤት ይሠራል ብዬ ነበር፤ ሽሮ የማያውቅ ወጥ ቤት ነው። በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ። ደግሞ አልጋዬ ላይ ፎጣ አጣጥፈው ዝሆን ሠርተው አስቀምጠውልኛል። የሰው ልፋት እንዴት አፈርሳለሁ? ስንዱ መጥታ እስክታነሣው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።" ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "ገብሬስ?"

"ደክመዋል። ትናንት አይቻቸዋለሁ። ግን ማር ቀምሰዋል።"

"ራስሽ አየሽው?"

"ራሴ አየኋቸው።"

"እንግዲያው ደግ" አሉ።

ከዚያ በኋላ በአራተኛው ቀን አያ ገብሬ አረፉ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ወደ ቤታቸው ይግቡ ብለው ከላኳቸው ሁለት ቀን ሆኖ ነበር። ማለዳ ላይ አጠገባቸው ነበርኩ። ቀብሩ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። ረፋዱ ላይ መርከቡ ሁለተኛው ደሴት ደርሶ ኖሮ ስንዱ ስትደውል የአያ ገብሬ ልጅ ነገራት። እሷ ደግሞ ከእትዬ ዘነበች ጋር አገናኙኝ አለች።

"እትዬ ዘነበች፣ በማርያም" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አሁን ብነግራት ለቀብር አትደርስም። ማታ መርከቡ ይነሣል፤ ከዚያ ሦስት ቀን መሬት የለም። ግፊት አለባት። ልጆቹ አጠገቧ ናቸው። ውኃ መሐል ማን ይይዛታል?"

"ቃል አስገብተውኛል" አልኳት።

ይህን ስል በረንዳው ላይ የነበሩት ሁሉ ሰሙ። አባ ኪሮስ የሁለቱም ወንድምና እኅት የነፍስ አባት ናቸው። ቀስ ብለው መጡ።

"ምን ብለሽ ነው ቃል የገባሽ?"

ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ የሰው ነፍስ ለማዳን የታጠፈ ቃል ኃጢአት አይሆንም። ተመልሳ ቤቷ ገብታ በወጉ ይነገራታል። ቃልሽን እኔ ፈትቼሻለሁ" አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ቀለለኝ። ዛሬም የማፍረው በዚያ መቅለል ነው።

ከቀብር ተመልሰን እጃችንን ታጥበን ለቅሶ ቤት እንደ ገባን ስልኬ ጮኸ። ወደ ግቢው ጀርባ፣ ወደ ቀፎዎቹ ሄጄ አነሣሁት። ስንዱ ምስሉ አይሠራም ብላቸው ኖሮ ድምፅ ብቻ ነበር። እትዬ መድኅን ደስ ብሏቸዋል። የደሴቷ ሰዎች ከመርከብ ሲወርዱ በከበሮ ተቀብለዋቸው፣ የአበባ ጉንጉን አንገታቸው ላይ አጥልቀውላቸዋል።

"እንደ ታቦት ሸኚ እልል አልኩላቸው" አሉ። "ገብሬስ?"

"ተኝተዋል።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ይዞኛል።"

ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከቤቱ የሚመጣው የሴቶቹ ድምፅ ለእኔም ጎልቶ ተሰማኝ። ስልኩን በነጠላዬ ሸፈንኩት፤ ግን የአርባ ዓመት ጆሮ ነው።

"የማን ለቅሶ ነው?"

"የአንዲት አሮጊት። አያውቋቸውም፤ ታች ሠፈር ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ናቸው።"

"ማን ነው የሚያስለቅሰው? ድምፁ እኮ ተበትኗል። ለምኑ ነው የሚያለቅሱት?" ተቆጡ። "በይ ንገሪኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበረች?"

እንዲህ ሲጠይቁ ሺህ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። ለሌለች ሴት መልስ መፍጠር ነበረብኝ። ዝምተኛ ነበሩ፣ ደጃቸውን ዘግተው ነው የኖሩት አልኩ። ነፋስ ይሰማኛል፤ ከበሮም ይሰማኛል። ትንሽ ቆይተው፣ ያችን ደሴት ረስተው፣ ቀስ ብለው አወጡት፦

ዝም ብላ ኖራ፣ ደጃፏን ዘግታ፤
ዛሬ አገር ጠራች፣ በሯን ከፍታ።

"ስጫቸው" አሉኝ። "ሰው እንዲህ ባዶውን አይሸኝም። ገብሬ ሲነቃ ደወለች በይው።"

እዚያ ቀፎዎቹ መካከል ቆሜ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ። ቢያንስ ድምፃቸው ለወንድማቸው ይድረስ ብዬ አሰብኩ። ገባሁና ግጥሙን ለወንድ እንዲሆን አድርጌ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ሌላ አልነበራቸውምና ተቀበሉት። ዝም ብሎ ኖሮ፣ ደጃፉን ዘግቶ። ለአያ ገብሬ እንዲህ ብለን አለቀስንላቸው። በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ደሴት ሲደውሉ አጭር ነበር። "ወንድሜን በስልክ አቅርቢልኝ" አሉ። ጠበል ሄደዋል አልኳቸው። "ደህና" አሉ፤ ሌላ አልጠየቁም። የልጆች ሳቅ ይሰማ ነበር።

ከስንዱ ጋር ተመልሰው ሰቆጣ የገቡ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አባ ኪሮስ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን በራቸውን አንኳኳን። እትዬ መድኅን ከፍተው አዩን። ስንት ጊዜ እንዲህ ካለ ሰልፍ ጋር የሰው ደጅ እንደ ቆሙ እሳቸው ያውቃሉ። አባ ኪሮስ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሳቸው ቀድመው፣ "መቼ?" አሉ።

ቀኑን ነገሯቸው።

የሚደግፏቸው ሴቶች ቀረቡ፤ በእጃቸው መለሷቸው። አልጮኹም። ስንዱን "ስልክሽን አምጪ" አሏት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፉ። አንዱ ላይ ቆሙ። ለእኔም ዞሮ ታየኝ፦ እትዬ መድኅን አንገታቸው ላይ ነጭና ቀይ አበባ፣ አፋቸው በሳቅ ተከፍቶ፣ እጃቸው ወደ ላይ።

"ቀብሩ በስንት ሰዓት ነበር?"

"በዘጠኝ" አሉ አባ ኪሮስ።

"ስንዱ፣ ይኼ በስንት ሰዓት ነው?"

ስንዱ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ መድኅን ስልኩን መለሱላትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ጉንፋንሽ ተሻለሽ?" አሉኝ።

ለማጽናናት ብዬ ከዚያ የባሰ ስሕተት ሠራሁ። "እትዬ፣ የእርስዎ ድምፅ ደርሷቸዋል። ያን ግጥም ሰጥቻቸው በእሱ ነው የተለቀሰላቸው" አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ።

"ወንድሜ መቼ ደጁን ዘግቶ ያውቃል?" አሉ። "ያ የአሮጊቷ ነው። ወንድሜን በሰው ልብስ ቀበራችሁት።"

"አሮጊት አልነበሩም፣ እትዬ።"

"እሱማ የባሰ ነዋ" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሾ አላወጡም። ለቅሶ አይቀሩም፤ መጥተው ይቀመጣሉ፤ ሰው ቀና ብሎ ሲያያቸው መሬት መሬት ያያሉ። ጥግ ይዘውም ማንንም አይጠይቁም። አንዳንዱ ተቀየማቸው፤ "ባሕር ማዶ አይታ ናቀችን" ያለም ነበር። እኔን ሰላም ይሉኛል፤ ቤቴ ግን አይገቡም። በካቡ ላይ ቡና ጠጡ ስላቸው "ጠጥቻለሁ" ይላሉ። ስንዱ ወደ ልጆቿ ተመለሰች። እኔ ቁጣቸውን እችለው ነበር፤ ያልቻልኩት ድምፃቸው የጠፋው በእኔ መሆኑን ነው። አባ ኪሮስን አንድ ቀን "የፈቱኝ ቃል አልተፈታም" ብያቸዋለሁ።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንድ ጠዋት በካቡ በኩል ጠሩኝ።

"ወደ ገብሬ ቤት ልሄድ ነው። ትመጫለሽ?"

ባጃጅ እስከሚደርስበት ድረስ ወሰደን፤ የቀረውን በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ አልተነጋገርንም። ከቀፎዎቹ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው፤ በሁለቱ ብቻ ንብ ይገባል ይወጣል። እትዬ መድኅን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"በመጨረሻ ጊዜ ምን ቀመሰ?"

የሚጠይቁኝ እንደ ሟች ቤት ሰው መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ። ሙሉ ዓመት ማንም ይህን አልጠየቀኝም ነበር።

"የአጃ ሙቅ። ሁለት ማንኪያ።"

"ማንን አስቀይሞ ነበር?"

"ልጃቸውን። ጭሱን አብዝተህ ንቦቹን አባረርክ ብለው ተቆጥተውት ነበር። ሊነጋ ሲል ጠርተው ይቅር ተባባሉ።"

"መጨረሻ ላይ ምን አለ?"

ይህን ለማንም አልተናገርኩትም ነበር። ለአባ ኪሮስም አልተናገርኩትም።

"'መድኅን መጣች?' አሉኝ።"

ንቦቹ ይሰማሉ። እትዬ መድኅን አላዩኝም።

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"'መንገድ ላይ ናቸው፣ እየደረሱ ነው' አልኳቸው።"

"አመነሽ?"

"አመኑኝ። ከዚያ በኋላ ወደ በሩ ዞረው ነው የቆዩት። ግማሽ ሰዓት ያህል።"

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። "በሦስተኛው ደሴት ጠርጥሬ ነበር" አሉ። "ጠበል ያልሽኝ ጊዜ። ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። ልጆቹ አሸዋ ላይ ይጫወታሉ፤ ስቃ የማታውቅ ልጄ ስንዱ ስቃለች። ያን ቀን ለእነሱ ተውኩላቸው። እኔም ዋሽቻለሁ። አንቺን ዓመት ሙሉ የቀጣሁሽ በእኔም ጥፋት ጭምር ነው።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።"

"ይቅር ማለቱን ተይው። አሁን ነገርሽኝ።"

ተነሥተው ነጠላቸውን ፈቱ። ግጥም አላወጡም፤ ለወንድማቸው ያስቀመጡት ምን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲመለሱ ግን ቤቴ ገቡ፤ ደክሟቸው ስለነበር ጫማቸውን አውልቀው ጋደም አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንደ ድሮው ጎረቤት ሆንን። ያን ነገር አላነሣነውም፤ ሙሾም አላወጡም።

ዘንድሮ በመጋቢት ታመሙ። ስንዱ ከዱባይ ልትመጣ ቲኬት ይዛ ነበር፤ ባልሆነ ምክንያት በረራው ሁለት ጊዜ ተላለፈ። ሦስት ቀን ሙሉ እትዬ መድኅን ወደ በሩ ዞረው ተኙ። እሳቸው በጠየቁ ቁጥር የሚያስታምሟቸው ሴቶች "አዲስ አበባ ገብታለች"፣ "ወልድያ ደርሳለች" ይሏቸዋል። እኔ ውኃ አጠጣለሁ፣ ትራስ አስተካክላለሁ፤ አልናገርም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ሴቶቹ ወጣ ሲሉ ጠሩኝ።

"ዘነበች። ስንዱ የት ናት?"

ስልኬን አየሁት፤ ማየት አያስፈልገኝም ነበር።

"ገና ዱባይ ናት፣ እትዬ። አትደርስም።"

ከበሩ ላይ ዐይናቸውን አነሡ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና እጃቸውን ሰጡኝ።

"እንግዲያው አልጠብቃትም" አሉ።